ለአባዬ ማን ያነብለታል

የሄድኩ ዕለት ማታ ሻንጣዬ በሩ ላይ ቆሟል፣ ታክሲው ታች መንገድ ላይ ይጠብቃል፣ እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ ለአባዬ ጋዜጣ አነባለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ሊሸኘኝ ተሰብስቦ ግማሹ ያለቅሳል፣ ግማሹ ሰዓቱን ያያል። አባዬ ግን «የጀመርሽውን ጨርሺና ትሄጃለሽ» አለ፤ አንዴ ካለ ደግሞ አለ ነው። ዜናው ስለ ውኃ ቧንቧ ነበር። የውኃ ቧንቧ ያስለቅሳል ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር በሳቅ እሞት ነበር። ያን ዕለት ግን መሐል ላይ ስደርስ ድምፄ ቁርጥ አለ።

«ምነው፣ አንቺንም አልታይ አለሽ እንዴ?» አለኝ አባዬ።

አባቴ ንጉሤ ይባላል። ዕድሜውን ሙሉ ፒያሳ ወርቅ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላ ዓይኑ ቀስ በቀስ ደከመ፤ ሐኪሙም የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን እንጠብቅ አለን። ዓይኑ ደኅና በነበረበት ጊዜ ጠዋት ጠዋት ከወዳጁ ከጋሽ ተስፋይ ጋር ጋዜጣ እየተከራዩ ነበር የሚያነቡት። ፒያሳን የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ፤ አከራዩ ጋዜጦቹን መሬት ላይ ዘርግቶ ይቀመጣል፣ እናንተ ሳንቲም ትሰጡትና እዚያው ደረጃ ላይ ቁጭ ብላችሁ አንብባችሁ ትመልሳላችሁ። አባዬና ጋሽ ተስፋይ አንዱን ጋዜጣ ለሁለት ይከራያሉ፤ ከዚያ ከሚያነቡት የሚከራከሩት ይበልጥና ሰዓታቸው ያልቃል። አከራዩ «ጋሼ፣ ጭቅጭቁን በነፃ ነው የማከራያችሁ» ይላቸው ነበር። በኋላ መንገዱ ሲሰፋ ደረጃውም አከራዩም ጠፉ፣ ወዳጆቹም በየኮንዶሚኒየሙ ተበተኑ። ጋሽ ተስፋይ ብቻ ቀሩ። እሳቸውም ዓይናቸው ከአባዬ ብዙ አይሻልም።

እኔ አምስት ኪሎ አካባቢ በአንድ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበርኩ። ከሥራ ስመለስ ጋዜጣ ይዤ እገባለሁ፣ አነብለታለሁ፣ እሱ ይከራከረኛል፤ ቀናችን የሚያልቀው እንደዚያ ነው። ደሞዜ ግን እንኳን ለሁለት ለአንድም አልበቃ እያለ ሄደ። ጣሊያን አገር፣ ቶሪኖ የምትኖረው አክስቴ አንዲት የቀድሞ መምህርት የሚንከባከባቸው ሰው እንደሚፈልጉና ቤተሰቡ ወረቀቱን እንደሚጨርስ ስትነግረኝ፣ እሺ ያለው ከእኔ በፊት አባዬ ነው።

ታክሲው ክላክሱን ደጋገመ። ጋሽ ተስፋይ ሻንጣዬን ካልያዝኩ ብለው ከጎረቤት ልጆች ጋር ታገሉና አቀፉኝ፤ በትግርኛቸው «አጆኺ ጓለይ፣ አይዞሽ ልጄ፣ እኔ አለሁ» አሉኝ። አባዬ ግን አጠገቡ ያለውን ሬዲዮ ከፈተና «ሂጂ፣ እኔ ይሄው የሚያወራልኝ አለኝ» አለ። ቸርችልን ቁልቁል ስንወርድ ስለ አውሮፕላኑም ስለ ብርዱም አላሰብኩም። ነገ ማን ያነብለታል? ይቺን ብቻ ነበር የማስባት።

ጣሊያንኛ አላውቅም ብዬ ነው የሄድኩት። ለካ ግማሹን ሰፈር ተምሬዋለሁ! ባንኮኒ አውቃለሁ፣ ፎርኖ አውቃለሁ፣ ጎሚስታ አውቃለሁ። ችግሩ በጎሚስታ አሮጊት መንከባከብ አይቻልም። ማኪያቶንም አውቃለሁ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ገባሁና አዘዝኩ፤ ያመጡልኝን ሳይ አስተናጋጁ መንገድ ላይ የጠጣብኝ ነው የመሰለኝ። ብርዱን አታንሡብኝ። የሐምሌን ዝናብ የለመደ ሰው ብርድ የሚያውቅ ይመስለዋል፤ ዝናብ ግን ቢያንስ ድምፅ አለው፣ ጣራውን ሲመታ ትሰሙታላችሁ። የዚህ አገር ጉም ዝም ብሎ መጥቶ ትከሻችሁ ላይ ይቀመጣል።

የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ ውስጥ ከመስታወት ጀርባ አንድ ፂሙን በጥንቃቄ የተላጨ ሰውዬ ተቀምጧል። አክስቴ ታስተረጉማለች።

«የቤተሰብ ስም?»

«የቤተሰብ ስም የለንም።»

«ቤተሰብ የለሽም?»

«ቤተሰብማ ሞልቶኛል። ስም ነው የሌለን።»

«ታዲያ ይሄ ንጉሤ ማነው?»

«አባቴ ነው።»

«ሥራሽስ?»

«የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ።»

ሰውዬው ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። «እዚህ ባዳንቴ ነው የሚለው።» ባዳንቴ የሚሉት አረጋዊ ሰው ቤት ገብቶ የሚንከባከበውን ነው።

«ሁለቱንም መሆን አይቻልም?»

«መጻፊያው ቦታ አንድ ነው» አለኝና ባዳንቴን ጻፈ። ስሜንም ንጉሤ አደረገው። ከዚያ ወዲህ በየቢሮው «ሲኞራ ንጉሤ!» ብለው ሲጠሩኝ አባዬ የመጣ እየመሰለኝ ዞር እላለሁ።

ሲኞራ ቴሬዛ፣ ማለት የምንከባከባቸው መምህርት፣ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ምላሳቸው የተሳለ ሴት ናቸው። ደረጃ ያስፈራቸዋል፤ ስለዚህ ከቤት አይወጡም። ከቁርስ በኋላ መጽሐፍ ይዘው መስኮቱ አጠገብ ይቀመጡና ገጽ ይገልጣሉ። እኔም ሥራ እየሠራሁ አያቸዋለሁ። ሥዕል ያለበትም ገጽ ሆነ ጽሑፍ የሞላበት፣ አገላለጣቸው እኩል ነው። አባዬም ዓይኑ መድከሙን ሲደብቀኝ ልክ እንደዚህ ነበር ያደርግ የነበረው። የሰው አገር አሮጊት ላይ የአባቴን ተንኮል ሳይ ሳቄም እንባዬም እኩል መጣ።

«ሲኞራ፣ ላንብብልዎት?»

«አንቺ? ጣሊያንኛሽ ገና ዳዴ እያለ?»

«እያረሙኝ አነባለኋ።»

«ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ስሕተት ሳርም ኖሬያለሁ። በቃኝ።»

መጽሐፉን ወስጄ ማንበብ ጀመርኩ። እንዴት እንዳነበብኩት አትጠይቁኝ። መምህር አይደሉ፣ አላስቻላቸውም፤ ሦስተኛው ቃል ላይ አረሙኝ፣ አራተኛው ላይ ጮኹብኝ፣ ገጹ ሲያልቅ «ቀጥይ» አሉኝ። ቤት ያሉት መጻሕፍት ሲያልቁብን ግን ጥግ ላይ ያለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ትዝ አለኝ። በየቀኑ ዳቦ ልገዛ ስሄድ በመስታወቱ አጮልቄ የማየው ነው። የሄድኩበትን ሥራ ትቼ ወደ ተውኩት ሥራ ዓይኔ ይሄድ ነበር፣ ምን ላድርግ።

አንድ ማክሰኞ ሲኞራን ደረጃውን በእቅፌ አወረድኳቸውና ሄድን። በሩ ላይ ፈታሽ የለ፣ ጥበቃ የለ። እኔ ግን በለመድኩት ቦርሳዬንና መታወቂያዬን አውጥቼ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ። ሲልቪያ የምትባለው የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ቦርሳዬን አየችና «ለእኛ ነው?» አለችኝ። ውስጥ አንድ ትልቅ ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ አረጋውያን ተቀምጠው ያወራሉ፣ ይስቃሉ፣ አንዷም ሹራብ ትሠራለች። የንባብ ቡድን ናቸው። በየሳምንቱ አንድ ሰው ያነባል፣ ሌላው ያዳምጣል፣ ከዚያ ይጨቃጨቃሉ። እኔ አምስት ኪሎ እያለሁ ሹክሹክታ እንኳን የማላሳልፍ ሴት፣ «ዝም በሉ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር የመለስኩት።

ተቀመጥን። በሩ ተከፈተና አንድ ባለ ባርኔጣ ሽማግሌ ገቡ። እኔም ብድግ አልኩና ሳላስበው «ኖር!» አልኩ።

ሰውዬው ቆም አሉ። «አመሰግናለሁ ልጄ፣ ግን ወንበር ሊለቀቅልኝ ገና አልደረስኩም» አሉኝ ኮስተር ብለው። ፊቴ ቀላ። ቁጭ ከማለቴ በሩ እንደገና ተከፈተ፤ አንዲት ባለ ምርኩዝ እናት። ብድግ። ኖር። ደግሞ ሌላ። ደግሞ ሌላ። ሁሉም ሽማግሌ በሆነበት ቤት ለሽማግሌ የሚነሣ ሰው ምን እንደሚሆን አስቡት።

«ወንበርሽ ላይ መርፌ አለ እንዴ?» አሉኝ ሲኞራ ቴሬዛ።

ሲልቪያ ምን ሆነሽ ነው ብላ ጠየቀችኝ። በዚያች ስብርባሪ ጣሊያንኛዬ አስረዳሁ። እኛ አገር ታላቅ ሰው ሲገባ የተቀመጠው ብድግ ይላል፣ «ኖር» ይላል፤ የገባው ሰው «በእግዜር፣ ተቀመጡ» ይላል፣ ያኔ ነው የሚቀመጠው። ወንበር መልቀቅ አይደለም፣ አይቼዎታለሁ ማለት ነው። አይተነው ሳንነሣ ከቀረን ሰውየውን ቁም ነገር አላልነውም ማለት ነው። እዚህ አገር ሽማግሌ የሚለውን ቃል እንኳን እየፈሩ «ሦስተኛው ዕድሜ» እንደሚሉ ገና አላወቅሁም ነበር።

መጀመሪያ የተናገሩት ሲኞራ ቴሬዛ ናቸው። «ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ ይነሡልኝ ነበር» አሉ። «ሰው ከተነሣልኝ ስንት ጊዜዬ።» ባለ ባርኔጣው ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁና «እንግዲያው እንደገና ልግባ» ብለው ወጡ። እውነት ወጥተው እንደገና ገቡ! እኔም ተነሣሁላቸው። «በእግዜር» ማለትን እዚያው አስተማርኳቸው።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ሲኞራን ደግፌ ስገባ ጠረጴዛው ሙሉ በየምርኩዙ ብድግ አለ። ሲልቪያ ከባንኮኒው ጀርባ እየሮጠች መጣች፤ «ኧረ ተቀመጡ፣ አንዱ ቢወድቅ ኢንሹራንሱ ይሄን አይሸፍንም!» ሲኞራ ግን አንገታቸውን ቀና አድርገው አንድ በአንድ አዩአቸውና «በእግዜር» አሉ። ከዚያ ወዲህ ደረጃው አያስፈራቸውም ብላችሁ ውሸት ነው፣ ያስፈራቸዋል። ግን ማክሰኞ ማክሰኞ ኮታቸውን ለብሰው የሚጠብቁኝ እሳቸው ናቸው።

ሲልቪያ ከቤት መውጣት ለማይችሉ አረጋውያን መጽሐፍ የሚያደርስ ሰው ስትፈልግ እኔን ጠራችኝ። ሥራው ለጥቂት ሰዓት ነው፤ በትልልቅ ፊደል የታተሙትን መጻሕፍት ቤት ለቤት ማድረስ፣ የሚደመጡትን መጻሕፍት አከፋፈት ማሳየት፣ ዓይኑ እምቢ ላለው ማንበብ። ለቃለ መጠይቅ ስቀርብ አንዲት መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያደረጉ ኃላፊ ጠየቁኝ።

«ለአረጋውያን በማንበብ ልምድ አለሽ?»

«ለአባቴ አነብ ነበር።»

«ማስረጃ?»

«አባቴ ይመስክር?»

«ጥሩ ታነባለች ይላል?»

«ኧረ በጭራሽ! ትቸኩያለሽ ነው የሚለኝ።»

ሳቁና አጭር ሥልጠና ላኩኝ፤ እንደ ጨረስኩም ሥራው ተሰጠኝ። የሲኞራን ቤት ሳልለቅ ከሰዓት በኋላ በትከሻዬ ከረጢት መጽሐፍ ይዤ ትራም ላይ እወጣለሁ። ያ ፂሙን የተላጨው ሰውዬ አንድ ቦታ ላይ ሁለት ሥራ አይጻፍም ቢለኝም ይሄው ሁለቱንም ሆኛለሁ።

እዚህ ላይ የሚያስደስተውን ብቻ ባወራ ግን ዋሽቻችኋለሁ። አባዬ ጋ ስደውል መልሱ በየሳምንቱ እያጠረ ይሄድ ነበር። ደኅና ነኝ። በላሽ? ብርዱስ? አለቀ።

«ሬዲዮ አትሰማም እንዴ አባዬ?»

«እሰማለሁ እንጂ። ግን ብቃወመው አይመልስልኝ።»

ያን ሰሞን ሲልቪያ አልጋ ላይ ለዋሉ ሰዎች በስልክ ማንበብ እንደምንጀምር ስትነግረኝ ልቤ ዘለለ። ያንኑ ማታ አባዬ ጋ ደወልኩና የአማርኛ ጋዜጣ ከኢንተርኔት እየፈለግሁ ማንበብ ጀመርኩ። ጋሽ ተስፋይም መጥተው ስልኩ ላይ ጆሯቸውን ደቀኑ። ሁለቱም ተቃወሙኝ፣ እርስ በርስም ተቃወሙ፣ እኔም በደስታ ፈነደቅሁ። ግን ኔትወርክ የምትሉት ነገር ልክ ክርክሩ ሲሞቅ ይጠፋል። አንዳንድ ቀን ደግሞ እኔው ቀኑን ሙሉ ለሰው ሳነብ ውዬ ድምፄ ተዘግቶ እደውላለሁ።

አንድ ማታ አባዬ መሐል ላይ አስቆመኝ። «ልጄ፣ ደክሞሻል። የእኔው ይቅር። ሰው ሲያረጅ ወሬ ባይሰማስ ምን ይጎዳል?»

ስልኩን ዘግቼ ኩሽና ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ይሄን የሚለው አባዬ ነው፣ ስለ ውኃ ቧንቧ ሳይሰማ ልጁን አልሸኝም ያለ ሰው! ለጣሊያን ሽማግሌ ሁሉ ደጃፉ ድረስ መጽሐፍ እያደረስኩ የእኔው አባት ይቅርብኝ ሲል ከመስማት የባሰ ምን አለ?

በማግስቱ ትዕግሥት ጋ ደወልኩ። ትዕግሥት አምስት ኪሎ በእኔ ቦታ የተተካች ናት። ሐሙስ ጠዋት ተማሪዎች ክፍል ሆነው ቤተ መጻሕፍቱ ባዶውን ነው፣ አውቃለሁ። «ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች አስገብተሽ ጋዜጣ ብታነቢላቸውስ?» አልኳት። እሷ ደስ አላት፤ ርዕሰ መምህሩ ግን «ተማሪ ያልሆነ ሰው እንዴት ይገባል? የስንተኛ ክፍል ናቸው ልበል?» ብለው መለሷት። ደጋግማ ጠየቀች፣ ደጋግመው እምቢ አሉ። እኔም ተስፋ ቆረጥኩ።

ይሄን ለጋሽ ተስፋይ ስነግራቸው «ማን ላካችሁ ልጆችን? ለሽማግሌ ጉዳይ ሽማግሌ ነው የሚሄድ» አሉኝ። ሱፋቸውን ለበሱ፣ ከረባት አሰሩ፣ አባዬን ክንዱን ይዘው የርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሄዱ። የሆነውን የነገረችኝ ትዕግሥት ናት። በሩን አንኳኩተው ሲገቡ ርዕሰ መምህሩ ቀና ብለው ሁለቱን ሽማግሌዎች አዩና ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ኖር፣ አባቶቼ!»

«በእግዜር» አሉ ሁለቱም፣ ግን አልተቀመጡም። ርዕሰ መምህሩም እነሱ ሳይቀመጡ መቀመጥ አልቻሉም። ሦስቱም ቆመው ጉዳዩ ተነገረ። አንዴ ከተነሡለት ሰው ፊት ቆሞ እምቢ ማለት ከየት ይመጣል? «እስኪ በእንግዳ ስም እንሞክረው» አሉ።

ትናንት ሐሙስ ነበር። ለሲኞራ ቴሬዛ ቁርሳቸውን አቅርቤ፣ እዚያ ንባቡ ሳይጀመር አባዬን እንኳን ደስ አለህ ልበለው ብዬ ደወልኩ። ሰዓቱን አሳስቼዋለሁ።

«ጽጌ» አለኝ ድምፁን ቀንሶ፣ «ቆይ፣ እያነበብን ነው።»

እስካሁን በሕይወቴ አባዬ ስልኬን እንዲህ ቸኩሎ መልሶብኝ አያውቅም። ሊዘጋው ፈልጎ አልዘጋው አለው መሰለኝ፣ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ደስ አለኝ፤ ትንሽም ቀናሁ፣ ለምን እዋሻችኋለሁ። በኮቱ ጨርቅ ውስጥ የትዕግሥት ድምፅ ይሰማኛል፣ ቀስ ብላ ነው የምታነበው፣ አትቸኩልም። አባዬ አቋረጣት። ጋሽ ተስፋይ አባዬን አቋረጡት። ሌሎች የማላውቃቸው ድምፆች ሳቁ፤ ስንት ሰው እንደመጣ እንኳን አልነገሩኝም። ያ ሹክሹክታ የማላሳልፍበት ክፍል ሲንጫጫ ጣፈጠኝ።

ከዚያ የበሩ ማጠፊያ ሲጢጥ ሲል ሰማሁት። ያቺ ዘይት ብዬ ብዬ ያልቀቡልኝ ማጠፊያ። ወንበሮች ተንቋቁ። «ኖር! ኖር!» አሉ በአንድ አፍ።

እኔም ቶሪኖ፣ ኩሽና ውስጥ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ብድግ ብያለሁ።

ሲኞራ ቴሬዛ ስኒያቸውን አስቀመጡና ወደ በሩ ዞሩ። «ማን መጣ?» አሉኝ።

«እንጃ ሲኞራ» አልኳቸው። «ከዚህ አይታየኝም።»

የመጣው ሰው «በእግዜር» ብሎ ወንበር ሲስብ እስክሰማ ድረስ ግን አልተቀመጥኩም።